ይድረስ ለአባቴ፦ ጢሱ ታየኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እሑድ ጢስ ዓባይ ሄጄ መጣሁ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ሳልሄድ ቀረሁ። ያን በጋ አብረን የሄድንበት ቀን ውስጤ ስለቀረ ነው። ገደሉ ደርቆ ውሃው በአንድ ጥግ ብቻ ሲወርድ አዩና «ይሄ ዓባይ አይደለም» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ ውሃው እኮ መብራት ሆኗል፤ ምን ያሳዝናል?» ብዬ መለስኩ። እስከ ቤት አላነጋገሩኝም።

አሁን ይቅርታ ልልዎት ነው የምጽፈው።

የነገርኩዎት ውሸት አልነበረም። በ1956 የመጀመሪያው ማመንጫ ሲሠራ ኃይሉ 11 ሜጋዋት ገደማ ነበር፤ ፏፏቴው ብዙም አልተጎዳም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችንም የዞረው በዚያ መብራት ነው። በኋላ ግን ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት፣ ጨረጨራ ላይ፣ የውሃ መቆጣጠሪያ በር ተሠራለት። በ1993 ሁለተኛው ማመንጫ፣ ባለ 73 ሜጋዋቱ፣ ሲጀምር አብዛኛው ውሃ በቦይ መሄድ ጀመረ። በ2002 ደግሞ የበለስ ማመንጫ መጣ፤ 460 ሜጋዋት። ያ ውሃ ከሐይቁ በምዕራብ በኩል በዋሻ ይወጣል፤ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው በበለስ ወንዝ ዞሮ፣ እታች ቆላ ወርዶ ነው። ፏፏቴውን ሳያየው ያልፋል ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ያኔም አውቅ ነበር። ያላወቅኩት የእርስዎን ሐዘን ነው። መብራቱን የጠሉ መስሎኝ ነበር። ለካ ያደጉበት ድምፅ ነው የጠፋብዎት። የድሮው አንድ ብር ጀርባ ላይ ያለውን ፏፏቴ እያሳዩ «ይሄ የእኛ ሰፈር ነው» ይሉኝ የለ?

እሑድ ዕለት መጀመሪያ አላታ ድልድይ ላይ ቆምኩ። አስጎብኚው «የፖርቱጋሎች ድልድይ» አለን፤ እኔ «አላታ ነው» አልኩት፣ ልክ እንደ እርስዎ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ፤ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ። ከተማችን በ2016 ባለ 380 ሜትሩን አዲስ ድልድይ ስታስመርቅ ደስ ብሎኝ አይቻለሁ። አላታ ላይ ስቆም ግን ሌላ ነው። እርስዎ በልጅነትዎ ጤፍ የጫነ አህያ ነድተው ገበያ የወረዱበት ነው። ዛሬም ገበያተኛ ይሻገርበታል። አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ሲያልፉ ጥግ ይዤ አሳለፍኳቸው።

ከዚያ ዳገቱን ጨረስኩ። አባባ፣ ሞልቷል! 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ገደል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ደፍርሶ እየተናነቀ ይወርዳል። ሳይታይ በፊት ተሰማኝ። ጢሱ ፊቴን አረጠበው። ስሙ ለምን ጢስ ዓባይ እንደተባለ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እርስዎ አጠገቤ ስላልነበሩ።

ውሃው ሳይቀንስ፣ ጥቅምት ሳይገባ ይምጡ። ወንድሜ አውቶቡስ ላይ ያሳፍርዎት፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ዳገቱ ከከበደዎት ጀልባው እንደሚሠራ አጣርቼ በዚያ እንሻገራለን፤ በዚያ በኩል መንገዱ አጭር ነው። የአህያውን ታሪክ ደግሞ እዚያው አላታ ላይ ይንገሩኝ፤ በስልኬ እቀዳዋለሁ።

ጋቢዎን ይያዙ። ጢሱ ይበርዳል።

የሚወድዎት ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር