የአንደኛና የሁለተኛ ነገር

ከደብረ ማርቆስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? አራት ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ምክንያት መደርደሩ ጥፋቴን ስለማያቀልልኝ ይቅርታህን ለምኜ ወደ ጉዳዬ ልለፍ።

ጉዳዬ የልጄ ነገር ነው። ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። ባለፈው ሳምንት፣ የሒሳብ ፈተና ሲቃረብ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ደብተር ብትለምናት «ቤት ረስቼዋለሁ» ብላ ዋሸቻት። ለምን ብዬ ስጠይቃት «አባዬ፣ በመንፈቁ የበለጥኳት በአንድ ነጥብ ብቻ እኮ ነው» አለችኝ። ልቆጣት ተነሥቼ አንተ ትዝ ብትለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን የጠፋብህን የሒሳብ መጽሐፍ ታስታውሳለህ? እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ቸግሮኝ ነው እንጂ ቀድሞ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ከፈተናው በኋላ «አገኘሁልህ» ብዬ ስሰጥህ አመስግነኸኛል፤ ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አንተ ግትሩ ደግሞ ያለ መጽሐፍም አንደኛ ወጣህ!

ይህን ሁሉ እያወቅሁም ፉክክር ከነጭራሹ ይቅር ከሚሉት ጋር አልስማማም። በአንድ ኩራዝ ስናጠና አንተ የፈታኸውን ጥያቄ ሳልፈታ ላለመተኛት ባልታገል ኖሮ ሒሳብ ባልገባኝ ነበር። ያበላሸኝ የዓመቱ መዝጊያ ዕለት ደረጃችን በወላጆቻችን ፊት ሲነበብ የአባቴን ፊት ማየቴ ነው፤ አንደኛነት ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ አንተ ካልወረድክ እኔ የምወጣ አልመሰለኝም።

በአገራችን ቅኔ ቤት፣ እንደ ጎጃሙ ዋሸራ ባለው፣ ፉክክሩ ከዚህ የጠነከረ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ፈጥሮ፣ ለመምህሩ ይነግራል እንጂ የሌላውን ሸምድዶ አይከበርም፤ ሁለት ስንኝ ብቻ ካለው አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና፣ ተነሥቶ ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ እስከ መቁጠር የደረሰውም ከኋላው ያሉትን ያስተምራል።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ እዚህ ወላጅ ሁሉ ደንግጦ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር ያወዳድራል። ያ ፈተና ግን ግማሹን አምጣ ይላል እንጂ ጓደኛህን ብለጥ አይልም፤ ልጄና ጓደኛዋ ሁለቱም ሊያልፉት ይችላሉ።

ቅዳሜ ሁለቱን አብረው እንዲያጠኑ እኛ ቤት ጠርቻቸዋለሁ። የመጽሐፉን ታሪክም ልነግራቸው አስቤአለሁ፤ ነገር ግን አንተ ሳትሰማው እነርሱ እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት ደውልልኝ፤ ብትቆጣኝም ደውል።

ወንድምህ