የአባዬን ነገር ልጠይቅሽ

ሂሩትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅር በዪኝ። ወቀሳሽን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ ዛሬ የቸኮልኩበት ጉዳይ አለኝ።

አባዬ ታሟል። ታሟል ማለትም ይከብደኛል፣ ምክንያቱም እሱ ምንም አይሰማውም። አሁንም ጠዋት ጠዋት የጎረቤት መኪና ስር ገብቶ ታገኚዋለሽ። ለደም ግፊቱ ክትትል ሄዶ ደም ሲሰጥ ነጭ የደም ሴሉ በዝቶ ተገኘ። ምርመራው ተደጋገመና በመጨረሻ ሲኤልኤል የሚባል የደም ካንሰር ነው አሉን። ሐኪሟ መድኃኒት አላዘዘችም፤ በየሦስት ወሩ እየመጣ ደሙ ይታይ ብላለች። ቤታችን መቀበል ያቃተው ይህን ነው። አክስቴ «ካንሰር ነው ተብሎ ዝም ይባላል እንዴ?» እያለች ታለቅሳለች።

እኔም እንቅልፍ ሲያስቸግረኝ ማንበብ ጀመርኩ። አንብቤ አንብቤ አንቺ የምትመራመሪበት ሰፈር ደረስኩ፤ አርኤንኤ፣ ከጂን የሚቀዳው ሞለኪውል! አራት ኪሎ ማኪያቶሽ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የምትንገበገቢለት ነገር ለካ የአባዬም ጉዳይ ኖሯል።

ለቀባሪው አረዱት እንዳትዪኝ እንጂ ልንገርሽ። ከሲኤልኤል ሕሙማን ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ከክሮሞሶም 13 አንድ ቁራጭ ይጎድላል። እዚያ ቦታ ካንሰርን የሚከላከል ፕሮቲን የሚሠራ ጂን አለ ብለው ስንቶቹ ለዓመታት ፈልገው አጡ። በፈረንጆቹ 2002 ጆርጅ ካሊን እና ካርሎ ክሮቼ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ እዚያው አንቺ ያለሽበት ፊላዴልፊያ፣ ቶማስ ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የጎደሉት ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች (ፕሮቲን የማይሠሩ፣ ሌሎች ጂኖችን የሚያፍኑ አጫጭር አርኤንኤዎች) መሆናቸውን አሳዩ፤ ሚር-15 እና ሚር-16። እያንዳንዳቸው 22 ገደማ ፊደል ብቻ! ተመራማሪዎቹ አምብሮስና ረቭከን በ1993 ትል ውስጥ ያዩት ዓይነት ነገር ከሰው ካንሰር ጋር ሲገናኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ስንት ሰው አጠገቡ አልፎ ይሆን፣ ፕሮቲን ስላልሠራ ብቻ?

ሁለቱ ቢሲኤል-2ን እንደሚያፍኑት ደግሞ በ2005 ታወቀ። ቢሲኤል-2 ሴል እንዳይሞት የሚያደርግ ፕሮቲን ስለሆነ፣ እነሱ ሲጎድሉ ይበዛል፤ ጊዜው ደርሶ መሞት የነበረበት ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሴልም አልሞት ብሎ ይከማቻል። ይህን ሳነብ ነው ሐኪሟ ለምን እንደማትቸኩል ትንሽ የገባኝ፤ የብዙ ሰው ሲኤልኤል ለዓመታት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ለአባዬ አስረዳሁት። መነጽሩን አውልቆ ሰማኝና «ብሎኗ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነች፣ ቁጥሯም ከታወቀ፣ ለምን አይገጥሙልኝም?» አለኝ። ምን ልበለው? ሌላ ማይክሮ አርኤንኤ፣ ሚር-34ን አስመስለው ሠርተው ለካንሰር ሕሙማን መስጠት ጀምረው ነበር፤ የሰውነታቸው መከላከያ ክፉኛ ስለተቆጣ ሙከራው በ2016 ተቋረጠ። ይህን አልነገርኩትም። በዚያው ዓመት ቢሲኤል-2ን ራሱን የሚያግደው ቬኔቶክላክስ አሜሪካ ውስጥ ለሲኤልኤል መፈቀዱን ግን ነገርኩት። «እሺ፣ ለክፉ ቀን አስቀምጪልኝ» ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ... እንዴት እንደምለው እንጃ። የክሮሞሶሙን ምርመራ ከፈለጋችሁ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ይሠራል፤ ሕክምና እስካልጀመረ ግን ግድ አይደለም ብላናለች ሐኪሟ። 13 ላይ ያለው ጉድለት ብቻውን ከተገኘ ደህና ዜና እንደሆነ አውቃለሁ። 17 ላይ፣ ክፉ ዜና በሚሆነው ቦታ፣ ቢገኝስ? ያኔም ቢሆን ዛሬ መድኃኒት አይጀመርለትም፤ እኔ ግን ፊቴን ከአባዬ መደበቅ አልችልበትም፣ ታውቂኛለሽ። ሳላውቅ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። ምርመራው ለእሱ ይጠቅማል ወይስ የኔን ጭንቀት ለማስታገስ ነው የምፈልገው? አንቺ በኔ ቦታ ብትሆኚ ታስደርጊዋለሽ? እንደ ተመራማሪ ሳይሆን እቤታችን ሽሮ እየበላሽ እንዳደግሽ ልጅ መልሺልኝ።

የብሎኗንም ጥያቄ ያንቺው ቤተ ሙከራ ይመልሰው፤ አባዬ «ሂሩት ታውቀዋለች» ብሎ እየጠበቀሽ ነው። እሁድ በናንተ ጠዋት እደውላለሁ። የማይመችሽ ከሆነ ሰዓቱን ጻፊልኝ። እናትሽ ደህና ናቸው፤ ለፋሲካ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ከስተሻል ብለው ተቆጥተውኛል።

ያንቺው ማርታ