የትንንሽ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ፦ ከፋዮቹ መሃል እኛም አለን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የስፖርት ገጻችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ማርች በመጣ ቁጥር የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ጥሎ ማለፍ ይጀመራል። ስሙ ተሰምቶ የማያውቅ ኮሌጅ አንዱን ግዙፍ ቡድን ሲጥል ትልቅ ፎቶ አስደግፋችሁ ትጽፋላችሁ። እሰየው። እኔም እነዚህን ጨዋታዎች እየጮህኩ ነው የማያቸው። ቅር የሚለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ያ ትንሽ ኮሌጅ ቡድኑን በምን ገንዘብ እንደሚያኖር አንድ መስመር አይጻፍም። ጉዳዩ ደግሞ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም። ልጆቻችን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኮሌጆች ሞልተዋል። የነዚያን ቡድኖች ወጪ ከሚሸፍኑት መሃል እኛ ወላጆች አለንበት፤ ብዙዎቻችን ግን አናውቀውም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቅርባችን ልጀምር። ዩኤምቢሲ ከባልቲሞር ወጣ ብሎ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከኳስ ይልቅ በቼዝ ነበር የሚታወቀው። ማርች 16፣ 2018 ላይ ሻርለት ከተማ ውስጥ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን 74 ለ 54 ቀጣው። ከዚያ በፊት በወንዶቹ ውድድር 16ኛ ተብለው የተመደቡ ቡድኖች (ቡድኖቹ በጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 16 ይመደባሉ፣ 16ኛ ደካማው ነው) ከ1ኛዎቹ ጋር 135 ጊዜ ተጋጥመው 135ቱንም ተሸንፈው ነበር። ያን ሌሊት ዩኤምቢሲ ማን እንደሆነ ለማየት የገባው ሕዝብ ብዛት የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ ከሥራ ውጪ አደረገው።

ታዲያ ስንት ገንዘብ ገባ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ውድድሩን የሚመራው ኤንሲኤኤ ከሲቢኤስና ከተርነር ጋር ባለው የቴሌቪዥን ውል በአማካይ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል። ከዚያ ላይ የተወሰነው «ዩኒት» በሚባል ድርሻ ይከፋፈላል። ቡድኑ አንድ ጨዋታ በተጫወተ ቁጥር፣ ከዋንጫው ጨዋታ በስተቀር፣ አንድ ዩኒት ይያዝለታል። አንዱ ዩኒት በስድስት ዓመት ተቆራርጦ ይከፈላል፤ ዛሬ ድምሩ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ገንዘቡ ግን በቀጥታ ለቡድኑ አይሰጥም። ወደ ኮንፈረንሱ፣ ማለትም ቡድኑ ወደሚወዳደርበት የኮሌጆች ማኅበር፣ ይሄድና ኮንፈረንሱ በራሱ ደንብ ለአባላቱ ያድላል። ዩኤምቢሲ ያን ዓመት ሁለት ጨዋታ ተጫወተ፤ ሁለት ዩኒት ማለት ነው። የያኔው ዩኒት በዓመት ወደ 270 ሺህ ዶላር ግድም ነበር። የኮንፈረንሱ ዘጠኝ አባላት እኩል ተካፈሉት ብንል ለአንዱ በዓመት 60 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። ታሪክ ለሠራ ቡድን! በዚህ ገንዘብ ደህና ረዳት አሰልጣኝ መቅጠርም ያጠራጥራል።

አሰልጣኙ ራያን ኦዶም በ2021 ወደ ዩታ ስቴት ሄደ። ከዚያ ቪሲዩ ወደሚባለው ሌላ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ2025 ደግሞ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ። ያዋረዳቸው ሰዎች ራሳቸው ቀጠሩት። በዚህ አልስቅም ብል ውሸት ነው።

ሴንት ፒተርስ የባሰ ነው የገጠመው። ጀርሲ ሲቲ ያለ ትንሽ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2022 15ኛ ተመድቦ ኬንታኪን በጭማሪ ሰዓት 85 ለ 79 አሸነፈ፤ ቀጥሎ መሪ ስቴትን፣ ቀጥሎ ፐርዱን። 15ኛ የተመደበ ቡድን ከመጨረሻዎቹ ስምንት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ጉዞው በኖርዝ ካሮላይና ካበቃ ከቀናት በኋላ አሰልጣኙ ሻሂን ሆሎዌይ ወደ ሴተን ሆል ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾች በትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት ዝርዝር) ወጥተው ተበተኑ። ልጆቹን አልወቅስም። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ ኮሌጅ ሲቀይርም አንድ ዓመት መቀመጥ ቀርቶለታል። ማን ነው የተሻለ ገንዘብ እያለ አልፈልግም የሚል? ችግሩ ትንሹ ኮሌጅ ዘርቶ ኮትኩቶ ትልቁ የሚያጭድ መሆኑ ነው።

እንግዲህ የማርች ገንዘብ ይህን ያህል ከሆነ ቡድኑ በምን ይኖራል?

አንደኛው መንገድ ተሸንፎ መከፈል ነው። ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ትልልቆቹ ትንንሾቹን በገንዘብ ይጋብዛሉ። ለአንድ ጨዋታ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ዶላር የተለመደ ነው። ትንሹ ቡድን በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን ይሄዳል፣ በ30 ነጥብ ይሸነፋል፣ ቼኩን ይዞ ይመለሳል። አንዳንድ አሰልጣኞች ሲዝኑን እንዲህ ባሉ ሽንፈቶች ጀምረው ጃንዋሪ ላይ ነው ቡድናቸውን የሚያነሱት። አልፎ አልፎ ነገሩ ይገለበጣል። በኖቬምበር 2019 ስቲቨን ኤፍ ኦስቲን የተባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኃያሉ ዱክ ሜዳ ድረስ ሄዶ 85 ለ 83 አሸነፈ። ዱክ በሜዳው ከኮንፈረንሱ ውጪ ያሉ ቡድኖችን 150 ጊዜ ተከታትሎ አሸንፎ ነበር። የመጨረሻዋን ኳስ ያገባው ኔተን ቤይን የባሃማስ ልጅ ነው፤ የቤተሰቡን ንብረት ዶሪያን የተባለው አውሎ ነፋስ አውድሞት ነበር። ከጨዋታው በኋላ የማያውቁት ሰዎች ለቤተሰቡ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አዋጡ።

ሁለተኛው መንገድ እኛ ነን። የመንግሥት ኮሌጅ የሚማር ልጅ ያላችሁ ሂሳቡን አውጥታችሁ እዩት። ከትምህርት ክፍያው ሥር «የግዴታ ክፍያ» የሚል መስመር አለ። ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ለስፖርት ነው። ልጅህ አንድም ጨዋታ ሳያይ ቢመረቅም ይከፍላል። ቨርጂኒያ በ2015 ለዚህ ገደብ የሚያወጣ ሕግ አጸደቀች። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የሌላቸው የዲቪዥን ዋን (የከፍተኛው ደረጃ) ኮሌጆች፣ ለምሳሌ እዚህ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን፣ ከተማሪ ክፍያና ከዩኒቨርሲቲው ካዝና መውሰድ የሚችሉት ከስፖርት ገቢያቸው እስከ 78 በመቶ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ማሻሻያው ነው። አገር ቤት ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ይኖራሉ ብለን እናማርር የለ? እዚህም ከፋዩ ተመልካች አይደለም፣ ተማሪው ነው።

ለነገሩ ጆርጅ ሜሰን አተረፈ ከሚባሉት ነው። በ2006 ዋሽንግተን መሃል ኮነቲከትን በጭማሪ ሰዓት 86 ለ 84 አሸንፎ ከመጨረሻዎቹ አራት ሲገባ፣ በቀጣዩ ዓመት ለመግባት የሚያመለክተው ተማሪ ከ20 በመቶ በላይ ጨመረ። ኮሌጆች ሁሉ ይህን ታሪክ እየጠቀሱ በጀት ያስጸድቃሉ። ግን ስንት ኮሌጅ ነው ያወጣውን አውጥቶ ጆርጅ ሜሰን ያልሆነው?

ሦስተኛውን ወላጆች ከሁሉ በላይ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። በሦስተኛው ደረጃ፣ በዲቪዥን ስሪ፣ የሚወዳደሩት ኮሌጆች ከ400 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ትንንሽ የግል ኮሌጆች ናቸው። የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት አይፈቀድላቸውም። የወንድሜ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ከአንዱ እንዲህ ካለ ኮሌጅ አሰልጣኝ ተደወለለት። «እንፈልግሃለን» ተባለ። ቤት ውስጥ እልልታ ሆነ፤ እናቱ ለዘመድ ሁሉ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘ ብላ ነገረች። ደብዳቤው ሲመጣ ከቅናሽ በኋላም በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ የሚከፈል ነበር። አሰልጣኙ አልዋሸም፤ ስኮላርሺፕ አላለም። እኛ ነን በልባችን የጨመርንበት። የኮሌጁ ሂሳብ ደግሞ ቀላል ነው። 20 ተጫዋች እያንዳንዱ 20 ሺህ ከከፈለ 400 ሺህ ዶላር ነው። የአሰልጣኙ ደመወዝ፣ አውቶቡሱና ማሊያው ተቀንሶ የሚተርፍ አለ። ተማሪ እየቀነሰባቸው ላሉ ኮሌጆች ቡድኑ ተማሪ ማምጫ ነው። ስለዚህ የቡድኑ ዝርዝር ሲረዝም፣ ሁለተኛ ቡድን ሲቋቋም ብታዩ አይግረማችሁ። ብዙው ልጅ ሜዳ ሳይገባ ነው የሚመረቀው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ኳሱ ይቅር ለማለት አይደለም። ትንንሾቹ ኮሌጆች ጋ ያለው ድጋፍ ሌላ ቦታ አይገኝም። ኢንዲያና ውስጥ አፕላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ቴይለር ዩኒቨርሲቲ አለ። ከዲሴምበር ፈተና በፊት ባለው አርብ ተማሪው በሙሉ ፒጃማና አስቂኝ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ቡድናቸው አሥረኛ ነጥብ እስኪያገባ ድረስ ትንፍሽ የሚል የለም፤ የጫማና የኳስ ድምፅ ብቻ። አሥረኛዋ ስትገባ አዳራሹ ይፈነዳል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የገና መዝሙር ይዘምራሉ። አርካንሳው ያለው ጆን ብራውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን፣ ቡድኑ የመጀመሪያዋን ኳስ እንዳገባ ተማሪው በሺህ የሚቆጠር የሽንት ቤት ወረቀት ሜዳው ላይ ይወረውራል። ዳኛው ቴክኒካል ፋውል (የሥነ ሥርዓት ቅጣት) ይሰጣል፣ ወረቀቱ ይለቀማል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሚሺጋን ውስጥ ሆፕና ካልቪን የተባሉ ሁለት የዲቪዥን ስሪ ኮሌጆች በ1997 ሲጋጠሙ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ነበር። ስኮላርሺፕ ለሌለው ኳስ!

ለእኛ ቅርብ የሆነ ደግሞ አለ። የጥቁሮች ኮሌጆች ኮንፈረንስ የሆነው ሲአይኤኤ ውድድሩን በ1946 የጀመረው ዋሽንግተን ውስጥ ነው። ከ2022 ጀምሮ ባልቲሞር ላይ ይካሄዳል። ቦዊ ስቴት ከአባላቱ አንዱ ነው። ዲቪዥን ቱ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ብዙም አያሳየውም፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሆቴሉ በተመራቂ ይሞላል። ሰው የሚመጣው የድሮ ጓደኛውን ለማግኘት፣ ለመልበስ፣ ለመብላት፣ ከዚያም ኳስ ለማየት ነው። ጆርጅ ሜሰን ጨዋታ ሄዳችሁ ከሆነ ደግሞ «አረንጓዴው ማሽን» የሚባለውን ባንድ ታውቁታላችሁ። ቡድኑ ሲሸነፍ እንኳ ለባንዱ ብቻ መሄድ ያዋጣል።

አሁን ግን ነገሩ እየጠበበ ነው። ጁን 6፣ 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የተጫዋቾችን ክስ ለመዝጋት ባጸደቁት ስምምነት ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ኮሌጅ ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለቀድሞ ተጫዋቾች ደግሞ በአሥር ዓመት 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ይከፈላል። ተጫዋቹ መከፈሉ ተገቢ ነው፤ ዘግይቷል እንኳ። የካሳው አንዱ ክፍል ግን ኤንሲኤኤ ለኮንፈረንሶች ከሚሰጠው ገንዘብ ይቆረጣል፣ የትንንሾቹም ጭምር። ሚሊዮኖችን ያላዩ ኮሌጆች የሚሊዮኖቹን ዕዳ ይካፈላሉ።

አንዳንዶቹ በቃን ብለዋል። ፔንስልቬንያ ያለው ሴንት ፍራንሲስ በማርች 2025 ለውድድሩ በቅቶ በአላባማ ስቴት 70 ለ 68 ተሸነፈ። በሳምንቱ ወደ ዲቪዥን ስሪ እንወርዳለን ብሎ አስታወቀ። ሃርትፎርድም በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድሩ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ተመሳሳይ ውሳኔ ወሰነ። ደጋፊው አለቀሰ። እኔ ግን ሂሳቡን አይቶ የወረደውን ኮሌጅ፣ ሂሳቡን ደብቆ ክፍያ ከሚጨምረው አስበልጣለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነገር ነው። ወሬው ሲሞቅ ብቻ ሳይሆን ጃንዋሪ ላይም የአካባቢያችንን ጨዋታዎች አውጡልን፤ ሃዋርድ፣ ጆርጅ ሜሰን፣ ዩኤምቢሲ፣ ታውሰን፣ ቦዊ ስቴት መቼ እንደሚጫወቱ ብታትሙ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ሁለተኛው ሂሳቡ ነው። የፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር የእያንዳንዱን ኮሌጅ የስፖርት ገቢና ወጪ በየዓመቱ ለሕዝብ ያወጣል፤ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። ልጆቻችን በብዛት የሚማሩባቸውን አምስት ስድስት ኮሌጆች መርጣችሁ፣ ከአንድ ተማሪ ክፍያ ላይ ስንት ዶላር ለስፖርት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ አትሙልን። ሲዝኑ ኖቬምበር ላይ ይጀመራል፤ የመኸሩ ክፍያ ግን ኦገስት ላይ ነው የሚመጣው፣ ከዚያ በፊት ቢደርስልን ደስ ይለናል።

አክባሪያችሁ፣
የፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ አንባቢያችሁ