«ዳውንሳይዚንግ» ስትሉን ምኑ እንደተቀነሰ ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ዳውንሳይዚንግ» (መጠንን ማሳነስ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በገጾቻችሁ ላይ እየበዛ ነው። በኢኮኖሚው ዓምድ ሠራተኛ ላሰናበተ ድርጅት፣ በመኪናው ዓምድ አነስ ያለ ሞተር ለተገጠመለት መኪና፣ በቤትና ኑሮ ዓምድ ደግሞ ልጆቻቸው ራሳቸውን ሲችሉ ትልቁን ቤት ትተው ወደ ትንሽ ለሚገቡ ሰዎች ትጠቀሙበታላችሁ። ሦስቱም በእንግሊዝኛው ያሉ አጠቃቀሞች ናቸውና ስሕተት አልተሠራም። ነገር ግን አንባቢው ቃሉን ባየ ቁጥር እየገመተ ያልፋል። ግምቱ ሲስት የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ደመወዙ የተቋረጠበት ሰው ነው፤ በሥራ ስንብት ጉዳይ የቃል ልዩነት የመብት ልዩነት ነውና።

የቃሉ አመጣጥ ራሱ ያስተምራል። ከ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቀውስ በኋላ የአሜሪካ መኪና አምራቾች ነዳጅ የሚበሉትን ግዙፍ መኪኖቻቸውን ማሳጠርና ማቅለል ሲጀምሩ የተስፋፋ የመሐንዲሶች ቃል ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለ1977 እ.ኤ.አ. ሞዴል ዓመት ያወጣቸው ትልልቅ መኪኖች ከቀደሙት ያጠሩና በብዙ መቶ ፓውንድ የቀለሉ ሲሆኑ የተሳፋሪው ቦታ ግን እምብዛም አልጠበበም። እንግዲህ የቃሉ የመጀመሪያ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ ውጪው ያንሳል፣ ውስጡ አይጠብም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቃሉ ከብረት ወደ ሰው ተሻገረ። በጥር 1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ 40,000 የሥራ ቦታዎችን እንደሚሰርዝ ሲያስታውቅ ቃሉ ከፋብሪካ ወጥቶ የየቤቱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ከመኪናው ያመጣውን ተስፋ ግን ይዞት ዞረ። «ድርጅቱ ዳውንሳይዝ አደረገ» ሲባል ሥራው እንደነበረ ሆኖ ከሚያስፈልገው በላይ የነበረው ብቻ የተወገደ ይመስላል። ይህ መረጋገጥ ያለበት ነገር እንጂ በቃሉ ውስጥ ተሸሽጎ የሚያልፍ አይደለም።

አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳናል። «ድርጅቱ ቀነሰ» ያለ ተሳቢ አይቆምም፤ ሰሚው ወዲያው «ምኑን?» ብሎ ይጠይቃል። «ዳውንሳይዝ አደረገ» ግን ያለ ተሳቢም የተሟላ ይመስላል፤ ለመሸሸጊያ የሚመቸውም ለዚህ ነው። «ቅነሳ» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ የደመወዝ ቅነሳ፣ የወጪ ቅነሳ፣ የሠራተኛ ቅነሳ ሁሉም ቅነሳ ናቸውና የተቀነሰው ነገር አብሮት ይጻፍ።

የሠራተኛው ነገር ሰፋ ያለ ቃል ይፈልጋል። በአንድ ቃል የምታልፏቸው ቢያንስ አምስት የተለያዩ ድርጊቶች አሉ። የሥራ መደቡ ሲታጠፍና በመደቡ ላይ የነበረው ሰው ሲወጣ የሠራተኛ ቅነሳ ነው። ሰውዬው በጥፋቱ ከተባረረ ቅነሳ አይደለም፤ በመደቡ ሌላ ሰው ይቀጠርበታልና። ጡረታ በወጣና በለቀቀ ሰው ምትክ አለመቅጠር፣ ማለትም ክፍት መደብን አለመሙላት፣ ማንንም ሳያሰናብት ቁጥር ይቀንሳል። ጽዳቱን ወይም ጥበቃውን ለሌላ ድርጅት በውል መስጠት ደግሞ ሥራውን ሳይቀንስ ሠራተኛውን ከመዝገብ ያወጣል። የሥራ ሰዓትና ደመወዝ ቆርጦ ሁሉንም ማቆየት ሌላው ነው። እነዚህ ሰዎች በስንብት ክፍያ፣ በማስጠንቀቂያ ጊዜና በሥራ ልምድ ማስረጃቸው ላይ በሚጻፈው ምክንያት አንድ አይደሉም። በቅነሳ የወጣውን ሰው ጋዜጣ «ተባረረ» ብሎ ከጻፈበት ነገ ሥራ ሲፈልግ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ዘጋቢው ምን ይጠይቅ ለሚለው የተዘጋጀ መልስ አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158 አሠሪው በኢኮኖሚ፣ በቴክኖሎጂ፣ በመዋቅር ወይም በመሰል ምክንያት ሠራተኛ ለማሰናበት ሲያስብ ምክንያቱን፣ ሊነኩ የሚችሉትን ሠራተኞች ብዛትና ዓይነት፣ ስንብቱ የሚፈጸምበትንም ጊዜ ለሠራተኞች ተወካዮች አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ይላል። ስንብቱን ስለማስቀረትና ጉዳቱን ስለማቅለልም ከተወካዮቹ ጋር መመካከር አለበት። ለምን፣ ስንት፣ እነማን፣ መቼ፣ ሌላ ምን ተሞከረ? ዜናው እነዚህን አምስቱን ካልመለሰ የድርጅቱን መግለጫ ከመገልበጥ አልፎ አልሄደም።

ቁጥሩም ይመርመር። ከ100 ሠራተኛ 20 ሲወጣ ብዙ ዘገባ «20 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ያቆማል። ሥራው ካልቀነሰ ግን የ100 ሰው ሥራ 80 ሰው ላይ ይወድቃል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚጨመረው 20 በመቶ ሳይሆን 25 በመቶ ነው። 50 ቢወጣ የቀሪው ሰው ሥራ እጥፍ ይሆናል። በገንዘብ በኩል ተቃራኒው ይታያል። ደመወዝ ከድርጅቱ ጠቅላላ ወጪ 30 በመቶ ከሆነ፣ የወጡትም ደመወዝ መካከለኛ ከሆነ፣ 20 በመቶ ሠራተኛ ማሰናበት ከጠቅላላ ወጪው የሚያድነው 6 በመቶ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ተሰናባች የስድስት ወር ደመወዝ የሚያህል የስንብትና ያልተወሰደ ዕረፍት ክፍያ ከተከፈለ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ቁጠባ በግማሽ ይወርዳል።

ቅነሳ የሚበላሽባቸው መንገዶችም የታወቁ ናቸው። ድርጅቱ «በፈቃዱ ለሚለቅ ክፍያ አለ» ሲል ቀድሞ የሚወጣው ሌላ ቦታ ቶሎ ሥራ የሚያገኘው ነው፤ ማለትም ድርጅቱ ሊያጣው የማይፈልገው። ቅነሳው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሦስት ወሩ በጥቂት በጥቂቱ ከሆነ የቀሩት ተራቸውን እየጠበቁ ሥራ ፍለጋ ይገባሉ። ርክክብ ሳይደረግ ሰው በአንድ ቀን ከወጣ የደንበኛው ማኅደር፣ የማሽኑ ጠባይ፣ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይወጣል። ከሁሉ የከፋው መደቡ ታጠፈ ተብሎ ሰው ከወጣበት በኋላ ያው ሥራ በሌላ የመደብ ስም በማስታወቂያ ሲወጣ ነው። ያ ቅነሳ አልነበረም። ከስድስት ወር በኋላ የሥራ ማስታወቂያውን ማየት ለአንድ ዘጋቢ ከባድ ሥራ አይደለም።

«ራይትሳይዚንግ» የሚለውንም በመግለጫዎች ውስጥ ታገኙታላችሁ። ትርጉሙ ልክ ማስያዝ ነው። ልኩን የሚወስነው ተናጋሪው ስለሆነ በትእምርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ማን እንዳለው ጻፉ እንጂ የራሳችሁ ቃል አታድርጉት።

ስለ ሞተሩ አጭር ቃል። 1600 ሲሲ የነበረውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በ1000 ሲሲ ባለ ሦስት ሲሊንደር መተካት የሚቻለው ቱርቦው አየር አምቆ ስለሚያስገባ ነው። ጉልበቱ ተቀራራቢ ሆኖ ሞተሩ ካነሰ ቃሉ በትክክለኛ ቦታው ነው፤ በአማርኛ «ሞተር ማሳነስ» ይበቃል። ጽሑፉ ግን ሁለት ነገር ይጨምር። በከባድ ጭነትና በከፍተኛ ፍጥነት ቱርቦው ሲበረታ የነዳጅ ቁጠባው ይጠፋል። የቱርቦው ኩሽኔታ የሚለሰልሰው በሞተሩ ዘይት ስለሆነም ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ወይም ደረጃው ካልሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

ወደ ትንሽ ቤት ስለመግባት የምትጽፉትም «ዕቃ አስወግዱ» ከሚል ምክር ይለፍ። ከ120 ካሬ ሜትር ወደ 70 የሚገባ ሰው ቦታው 42 በመቶ ገደማ ቀነሰበት። ኩሽናና መታጠቢያ ግን በዚያው ልክ አይጠቡም። በትልቁ ቤት 30፣ በትንሹ 25 ካሬ ሜትር ቢይዙ፣ ለመኝታ፣ ለሳሎንና ለዕቃ የሚቀረው ከ90 ወደ 45 ይወርዳል። ስለዚህ የሚቀነሰው የቤት ዕቃ ግማሽ ነው። መለካት የሚጀመረው ከአዲሱ ቤት በርና ደረጃ ነው፤ ቁም ሣጥን ወለሉ ላይ ቢበቃም በበሩ ካላለፈ ዋጋ የለውም። መለየት ደግሞ ከዕቃ ማስቀመጫው ይጀመር፤ ፎቶግራፍና ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ በእነሱ የጀመረ ሰው ቀኑን አንድ ሣጥን ላይ ይጨርሳል።

አንዱን አጠቃቀም ግን ከነጭራሹ ብትተዉት እንወዳለን። አምራች ዋጋውን ሳይነካ የማሸጊያውን ይዘት ሲያሳንስ ዳውንሳይዚንግ አትበሉት። 500 ግራም የነበረው እሽግ በዚያው ዋጋ 450 ቢሆን የአንድ ግራም ዋጋ የጨመረው 10 በመቶ ሳይሆን 11 በመቶ ገደማ ነው፤ 500ን ለ450 ማካፈል ነው። ይህ የዋጋ ጭማሪ ነው፤ በዚሁ ስሙ ይጻፍ። ለአንባቢውም እሽጉ ላይ የተጣራውን ክብደት እንዲያይ፣ የጠርሙሱ ወገብ መቅጠኑን፣ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መግባቱን፣ የጥቅልሉ ወረቀት ቁጥር መውረዱን እንዲያስተውል ንገሩት።

ቃሉን ጨርሶ ከጋዜጣው አውጡ አንልም፤ በመግለጫ ውስጥ ሲመጣ አንዴ ጠቅሳችሁ ፍቺውን ብትሰጡ ይጠቅማል። ርዕሱ ግን «ድርጅቱ ዳውንሳይዝ አደረገ» ከሚል፣ «ድርጅቱ ከ200 ሠራተኞቹ 40ውን ሊያሰናብት ነው» ይበል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢዎች