የቴሌግራም የሥራ ግሩፓችን አጠቃቀም

ውድ አባላት፣

ሁሉም ጉዳይ በአንድ ግሩፕ ተደባልቆ ስለሚጻፍ አስፈላጊ ሥራዎች እየተረሱ ነው። አስተዳዳሪዎች በግሩፑ ማስተካከያ ገብታችሁ «ቶፒክስ» የሚለውን ክፈቱና ለየፕሮጀክቱ አንድ ርዕስ ስጡ።

ሥራ ስትሰጡ የሚሠራውን ሰው በ@ ጠርታችሁ የማስረከቢያውን ቀን ጻፉ፤ «አንዳችሁ እዩት» የተባለን ሥራ ማንም አያየውም። ውሳኔ ሲያልቅ በአንድ መልእክት ተጽፎ ፒን ይደረግ (ከላይ ጎልቶ እንዲታይ ይሰካ)።

የሰነድ ፎቶ በፋይል መልክ ይላክ። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ስለሚጨምቀው ትንንሽ ፊደላት ይደበዝዛሉ።

በጣም የሚያሳስበን ግን የመረጃ ደኅንነት ነው። የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ ድረስ አይመሰጠርም፤ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የይለፍ ቃል፣ የደመወዝ ዝርዝርና የደንበኛ መረጃ እባካችሁ አትለጥፉ። በራሱ የወጣ ሰው በድሮው የመጋበዣ ሊንክ ተመልሶ መግባት ስለሚችል፣ ሠራተኛ ሲለቅ ሊንኩ በዚያው ቀን ተሰርዞ አዲስ ይውጣ።