ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ጽሑፋችሁ ይታረምልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ከረማችሁ። ውጭ ሀገር መኪና ስለመከራየት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት አነበብኩት። ብዙው ደህና ነው፣ ስለ ኢንሹራንሱ የጻፋችሁትን እንደውም ለወንድሜ ሁሉ ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ። ግን መሀል ላይ ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ስለማይሠራ የራስን ናቪጌተር (መኪና ውስጥ መንገድ የሚመራውን ዕቃ) ይዞ መሄድ ትርፉ ሸክም ነው የምትል ነገር ጣል አድርጋችኋል፣ እሷን ሳነብ አላስቻለኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ 22 ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ፣ የወረቀት ካርታ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው የጀመርኩት፣ በመንገድ ፍለጋ እንጀራ በልቼበታለሁ፣ እና ያላችሁት ልክ አይደለም።

ጂፒኤስ ማለት እኮ ሬዲዮ እንደመስማት ነው። ሳተላይቶቹ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከላይ ሆነው «እኔ እገሌ ነኝ፣ ሰዓቱ ይሄ ነው» እያሉ ሌት ተቀን ይለፈልፋሉ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ዕቃ ዝም ብሎ ይሰማል፣ የ4ቱን ከሰማ የት እንዳላችሁ ያሰላል፣ በቃ። ሬዲዮ ስንከፍት ጣቢያው ጋ ደውለን አናስፈቅድም አይደል? ሲም ካርድ አይጠይቅም፣ ክፍያ የለውም። ድሮ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፣ እሱንም ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 አስቁመውታል (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው)። ኢንተርኔት የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፣ ካርታው። ስልክ ቀድሞ ካልተዘጋጀ ካርታውን እየሄዳችሁ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ነው የሚያወርደው፣ ናቪጌተሩ ግን ሙሉውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው።

ይሄን ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የማወራው። አምና ሰመር የአክስቴ ልጅ ፍራንክፈርት ስታገባ ከባለቤቴ ጋር ሄድን፣ ከሰርጉ በኋላ በተከራየነው መኪና ስዊዘርላንድን አቋርጠን ሚላኖ ያለች የድሮ ጎረቤታችንን ልናይ ተነሣን። ባለቤቴ በዚህ ነገር ከእናንተ ጸሐፊ ጋር አንድ ናት፣ «ያንን ጋርሚንህን ለሙዚየም ስጠው» ነው የምትለኝ (ጋርሚን የናቪጌተሬ ስሪት ነው)። ፍራንክፈርት የገዛነውን ፕሪፔይድ ሲም ስልኳ ውስጥ ከታ መሪዋ እሷ ሆነች፣ እኔም ለሰላም ብዬ ዕቃዬን ቦርሳ ውስጥ ተውኩት። ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ እስካለችው እስከ ባዝል ምንም ችግር የለም። ድንበሩን አልፈን ትንሽ እንደሄድን አንድ መታጠፊያ ሳትኩ፣ ስልኩ አዲስ መንገድ ላውጣ ሲል ዳታ የለም። ለካ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ2017 ጀምሮ ሮሚንግ (የአንዱን ሀገር ሲም ሌላው ሀገር መጠቀም) ተጨማሪ አያስከፍልም የሚባለው ስዊዘርላንድን አይጨምርም፣ አባል አይደለችማ፣ የእኛ ሲም ደግሞ እዚያ ጭራሽ አይሠራም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታዩ! ሰማያዊዋ ነጥብ ትሄዳለች፣ መኪናው ሲታጠፍ እሷም ትታጠፋለች፣ ከሥሯ ግን መንገድ የለ፣ ከተማ የለ፣ ባዶ ግራጫ ወረቀት። ባለቤቴ ስልኩን ከፍ ታደርገዋለች፣ መስኮቱ ላይ ትለጥፈዋለች፣ አጥፍታ ታበራዋለች፣ እኔ እየሳቅኩ እሷ እየተናደደች። ነጥቧ ተንቀሳቀሰች ማለት እኮ ጂፒኤሱ እየሠራ ነው፣ የጠፋው ካርታው ነው። ነዳጅ ማደያ ገብተን ጋርሚኑን አወጣሁት፣ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት፣ ሰማዩን ጥቂት ደቂቃ እንዳየ መንገዱን አገኘ። 17 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ጎትሃርድ ዋሻ ውስጥ ሲግናል ጠፋ አለን፣ ከተራራው ማዶ ስንወጣ ምንም እንዳልሆነ ቀጠለ። (ዋሻ ውስጥ መታጠፊያ ስለሌለ ማንም አይጠፋም፣ ባለቤቴ ግን እስክንወጣ ድረስ ሲግናሉ መጥፋቱን ስትነግረኝ ነበር።)

ስልክ አይሆንም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ጉግል ማፕስ ላይ የምትሄዱበትን አካባቢ ከመነሣታችሁ በፊት በዋይፋይ ካወረዳችሁት ያለ ዳታም ይመራችኋል፣ የመንገዱን መጨናነቅ ግን አይነግራችሁም። እኔ እሱንም የራስ ናቪጌተር ነው የምለው። ቁም ነገሩ ቤት ሆኖ ማዘጋጀቱ ላይ ነው። አሜሪካ የተገዛ ናቪጌተር ብዙ ጊዜ የሰሜን አሜሪካን ካርታ ብቻ ነው የያዘው፣ የአውሮፓውን ለብቻው ገዝታችሁ ወይ በኮምፒዩተር ትጭኑበታላችሁ ወይ በትንሿ ሚሞሪ ካርድ ትሰኩበታላችሁ። ኤርፖርት ደርሶ ካርታው እንደሌለው ያወቀ ጓደኛ አለኝ፣ ሮም መሀል ቆሞ ናቪጌተሩ ከቨርጂኒያ ሮም በመኪና መሄጃ የለም ይለው ነበር።

አድራሻዎቹን ማታ ማታ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማስገባው። ፍራንክፈርት ብዬ ስጽፍ ሁለት መጣልኝ፣ አንዱ ማይን ወንዝ ላይ ያለው እኛ ሁላችን የምናውቀው፣ ሌላው ኦደር ወንዝ ላይ ፖላንድ ድንበር ጥግ ያለ። መሀላቸው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰርጉ አልቆ ድስቱ ታጥቦ ነው የምትደርሱት። መፍትሔው ፖስታ ኮዱ ነው፣ የማይኑ አብዛኛው በ60 ይጀምራል፣ የኦደሩ በ15። ቀልድ የሚመስላችሁ ካላችሁ በ2016 አንድ አሜሪካዊ አይስላንድ ገብቶ ሬይክያቪክ ውስጥ ያለ ሆቴሉን ፈልጎ የመንገዱ ስም ላይ አንዲት ፊደል ስለተጨመረች ብቻ ሰሜን ጫፍ ያለ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ድረስ ነድቷል፣ የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ሌላ ደግሞ ማይሉን ወደ ኪሎ ሜትር ቀይሩት፣ የመንገዱ ምልክት 50 ሲል ዕቃው 31 እያለ ያምታታችኋል። ስትደርሱ የኪራይ ቤቱ ምድር ቤት ጋራዥ ውስጥ ሆናችሁ አልሠራ አለ ብላችሁ አትደንግጡ፣ የእኔ እዚያ ሆኖ አሁንም ቤታችን ያለበት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር፣ ውጭ አውጥቼው ሰማይ ሲያይ ነው ወደ ልቡ የተመለሰው።

«መኪናው የራሱ ናቪጌሽን አለው» የሚልም አለ። አለው፣ ለኪራይ በቀን 14 ዩሮ ጠየቁኝ፣ በ10 ቀን 140 ማለት ነው፣ በሁለት ጉዞ የራሴን ካርታ ይገዛልኛል። ደግሞ ቋንቋው ጀርመንኛ ነው፣ ቋንቋ መቀየሪያው ራሱ በጀርመንኛ ነው የተጻፈው። ሜኑውን ስነካካ ደግሞ ከእኛ በፊት የተከራየው ሰውዬ ስልኩን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ ኖሮ የእናቱ ቁጥር ሳይቀር ዝርዝሩ በሙሉ ተቀምጧል፣ «ቤት» የሚለውን ስትነኩ እስከ ደጃፉ ይወስዳችኋል። መኪና ስትመልሱ ያንን አጥፉ እባካችሁ፣ ጽሑፋችሁ ውስጥ ይሄ ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር። በዚሁ አጋጣሚ የራሳችሁም ላይ ቢሆን «ቤት» ብላችሁ የቤታችሁን በር አትሙሉ፣ ሁለት መንገድ ራቅ ያለ ሱቅ ሙሉ። ስታቆሙም ናቪጌተሩ ተለጥፎበት መስታወቱ ላይ የቀረውን ክብ ምልክት ጥረጉት፣ ሌባ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።

አሁን ደግሞ እኔም ያላወቅኩት፣ እናንተም ያልጻፋችሁት። ጀርመን ውስጥ ነጂው የፍጥነት ካሜራ የት እንዳለ የሚያሳይ ነገር መጠቀም አይችልም፣ ቅጣቱ 75 ዩሮና 1 የጥፋት ነጥብ ነው፣ ከ2020 ወዲህ ሕጉ ስልክ ላይ ያለውንም አፕ በግልጽ ይጨምራል። ስዊዘርላንድ ይብሳል፣ ዕቃውን ራሱን ሊወስዱባችሁ ይችላሉ። አሜሪካ ስንነዳ የለመድነው ነገር ስለሆነ ማንም ትዝ አይለውም። የአክስቴ ልጅ ባል ነው የነገረኝ፣ ካሜራውን እሱ «ብሊትሰር» ነው የሚለው፣ ሴቲንግ ገብቶ የካሜራ ማስጠንቀቂያውን ራሱ አጠፋልኝ።

ሚላኖ ላይ ግን ያዳነኝ የለም፣ ሐቁን ልናገር። ጎረቤታችን ፖርታ ቬኔዚያ (የቬኔዚያ በር ማለት ነው፣ የድሮ የከተማ በር) ቀጠረችን፣ የሐበሻ ሰፈር ነው፣ ከመኪና ሳትወርዱ በርበሬ ይሸታችኋል። ቦታው በሩ አካባቢ ነው፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ አሬያ ቺ የሚሉት በክፍያ የሚገባበት የመሀል ከተማ ክልል ይጀምራል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:30 እስከ ምሽቱ 1:30። ጋርሚኔ አጭሩን መንገድ ነው የሚያውቀው፣ መሀሉን ሰንጥቆ አስገባኝ። መዝጊያ የለው፣ ጠባቂ የለው፣ ምልክትና ታርጋ የሚያነብ ካሜራ ብቻ። ሐሙስ ቀን ነበር፣ ሰዓቱም ገና ምሳ፣ እኔ ጥብሱን ነው የማስበው፣ ሳልከፍል አለፍኩ።

ከወራት በኋላ መጀመሪያ የኪራይ ቤቱ አድራሻዬን አሳልፎ ስለሰጠበት የአገልግሎት ብሎ ከካርዴ ቆረጠ፣ ከዚያ ዋናው ቅጣት በፖስታ መጣ። ጣሊያን ውጭ ለሚኖር ሰው ደብዳቤውን ለማድረስ ሕጉ 360 ቀን ይሰጣቸዋል፣ አይቸኩሉም። ፖስታውን የከፈተችው ባለቤቴ ናት፣ «ና፣ ጋርሚንህ ደብዳቤ ጽፎልሃል» አለችኝ። ከፈልኩ፣ ምን እላለሁ። ስልኩም ቢሆን ከፍለሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም ነበር፣ እነዚህ ክልሎች የት እንደሚጀምሩ በየከተማው ድረ ገጽ ላይ ካርታ አለ፣ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያቺን አረፍተ ነገር አርሟት። ባለቤቴ ጽሑፋችሁን በመቀስ ቆርጣ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፣ ከሥሩ የሚላኖውን ቅጣት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታነብለታለች። እርማቱ ሲወጣ የምለጥፍበት ቦታ በጎኑ ለይቻለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ