የሜታል ባንዶች ተጽዕኖ በሽያጭ አይለካም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በመዝናኛ ዓምዳችሁ የዛሬውን ሜታል ቀርጸዋል ያላችኋቸውን ባንዶች በደረጃ አስቀምጣችሁ አንብቤያለሁ። ሜታሊካ አንደኛ፣ አይረን ሜይደን ሁለተኛ፣ ብላክ ሳባዝ ሦስተኛ። ምክንያት ሆኖ የቀረበው የተሸጠ አልበምና የሞላ ስታዲየም ነው። ሽያጭ ስንት ሰው እንዳደመጠ ይነግረናል፤ ተጽዕኖ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ከዚያ ባንድ በኋላ የመጡት ልጆች ጊታራቸውን እንዴት ቃኙ? ፒካቸውን (የክር መምቻቸውን) በየት በኩል መቱ? ድራመሩ እግሩንና እጁን እንዴት አከፋፈለ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ባንድ የቱንም ያህል ቢወደድ ተጽዕኖ ፈጣሪ ለማለት ይከብደኛል። በዚህ መለኪያ ዝርዝራችሁ ይገለባበጣል፤ ከዝርዝሩ ጭራሽ የቀሩ ሁለት የስዊድን ባንዶችም፣ አት ዘ ጌትስና መሹጋ፣ ወደ ላይ ይወጣሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሳባዝ። የባንዱ ጊታሪስት፣ የበርሚንግሃሙ ቶኒ አዮሚ፣ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የመሐልና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። አዮሚ ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው በቀኙ ነው፤ ጉዳቱ ያረፈውም እዚያው ላይ ነበር። ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቆዳ ለጠፈበት፣ ቀጫጭን ክር መጠቀም ጀመረ። በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ደግሞ በከፊሎቹ ዘፈኖች ጊታሩን በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገው፤ የታችኛው ክር ከኢ ወደ ሲ ሻርፕ ወረደ። ክሩ ላላ፣ ለተጎዳ ጣት ቀለለ፣ ድምፁም ወፈረ። ዛሬ «ከባድ» የምንለው ድምፅ መነሻው ይህ ነው።

ዝቅ ብሎ መቃኘት ዋጋ አለው። በሦስት ግማሽ ድምፅ ሲወረድ የክሩ ውጥረት በ29 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በተለመደው የ0.046 ኢንች ክር ይህን የሞከረ ሰው ክሩ ከፍሬቱ (በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች) ጋር ሲንጫጫ ይሰማል፤ ጠንከር አድርጎ ሲመታውም ኖታው ሲጀምር ከልኩ ከፍ ይልና ቆይቶ ይወርዳል። ብዙዎች ይህን የጊታሩ ጥፋት ያደርጉታል። ውጥረቱ ባለበት እንዲቆይ በየግማሽ ድምፁ የክሩን ውፍረት በ6 በመቶ ገደማ መጨመር ያስፈልጋል፦ ለሲ ሻርፕ 0.055፣ ለቢ 0.061። ክሩ ከወፈረ በኋላ በአንገቱ ጫፍ ያለውን የነት ቦይ በጥንቃቄ ማስፋት፣ ከዚያም ኢንቶኔሽኑን (ኖታው በአንገቱ ሁሉ ላይ ልክ እንዲሆን የሚያደርገውን የክር ርዝመት) በድልድዩ ላይ እንደገና ማስተካከል ይገባል። ቦዩ ከጠበበ ክሩ እዚያው ይቀረቀራል፤ ቃኘሁት ሲሉ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት ያመልጣል።

ሐምሌ 5 ቀን 2025 በበርሚንግሃም ቪላ ፓርክ በተካሄደው የሳባዝ የስንብት ኮንሰርት ላይ ሜታሊካ፣ ስሌየር፣ ፓንቴራ፣ ጎጂራና ሌሎችም ተራ በተራ ወጥተው የሳባዝን ወይም የድምፃዊውን የኦዚን ዘፈን ተጫውተዋል። ኦዚ ኦዝቦርን ያረፈው ከዚያ በኋላ በ17ኛው ቀን ነው። በዝርዝራችሁ አንደኛ የሆነው ባንድ ራሱ ማንን አንደኛ እንደሚያደርግ እዚያ መድረክ ላይ ተናግሯል።

ስለ ሜታሊካ ፍትሐዊ ልሁን። የጊታሪስታቸው የጄምስ ሄትፊልድ ቀኝ እጅ ትምህርት ቤት ነው። በደቂቃ ከ200 ምት በላይ በሚሄድ ዘፈን ላይ ፒኩን ወደ ታች ብቻ እየመታ፣ የመዳፉን ጎን በድልድዩ ጫፍ አሳርፎ ክሩን እያፈነ ይጫወታል፤ በሰከንድ 7 ምት ገደማ ማለት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች እያፈራረቁ መምታት ይቀላል፤ ግን ወደ ላይ የሚሄደው ምት ስለሚሳሳ ሪፉ (እየተደጋገመ የሚሄደው አጭር የጊታር ሐረግ) ይንሻፈፋል። ጀማሪ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ከክርኑ ስለሚመታ ነው፤ ክንዱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እሳት ይሆናል። እንቅስቃሴው ከእጅ አንጓ መሆን አለበት፣ ፒኩም ከክሩ ጥቂት ሚሊሜትር በላይ መራቅ የለበትም። ይህ ከ1983 እስከ 1986 በወጡት ሦስት አልበሞች ያለው ሜታሊካ ነው። ሚሊዮኖች የገዙት የ1991ዱ ጥቁር ሽፋን አልበም ግን ለዛሬ ባንዶች አሠራር ያወረሰው ጥቂት ነው። ሽያጩን ያስቆጠረው አንዱ፣ ተጽዕኖውን የፈጠረው ሌላው ሜታሊካ ነው ብል አላጋነንኩም። (በ1988ቱ አልበም ቤዝ ጊታሩ የማይሰማበትን ሚክስ (የድምፅ ቅልቅል) ማንም እንዳልወረሰው ተስፋ አደርጋለሁ።)

አይረን ሜይደን ሁለተኛ መባሉን አልቃወምም፤ ምክንያቱን ነው የምቃወመው። ሁለት ጊታር አንድ ዜማ በተለያየ ከፍታ አብረው መጫወታቸውን እነሱ አልፈጠሩትም፤ ዊሽቦን አሽና ቲን ሊዚ ቀድመዋቸዋል። ሜይደኖች ግን የሜታል መለያ አደረጉት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በኢ ማይነር አንደኛው ጊታር ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሲል ሁለተኛው ጂ፣ ኤ፣ ቢ ይላል። ርቀቱን በግማሽ ድምፅ ብትቆጥሩት ሦስት፣ ሦስት፣ አራት ይሆናል፤ እኩል አይደለም። ይህን ሳያውቅ ሁለተኛውን ጊታር በቋሚ ርቀት የሚያስከትል፣ ወይም በፔዳል (በእግር በሚነካ የድምፅ መሣሪያ) አንድ ዓይነት ርቀት የሚያስመርጥ ሰው ከቅኝቱ የወጣ ኖታ ያስገባና ዜማው ይጎመዝዛል።

ይህ ስልት ዛሬ ላለው ትውልድ የደረሰው ግን በቀጥታ ከሜይደን አይደለም። በስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ አልፎ ነው። ኢን ፍሌምስ፣ ዳርክ ትራንኩሊቲና አት ዘ ጌትስ የሜይደንን ዜማ ከዴዝ ሜታል ፍጥነትና ጩኸት ጋር አዋሐዱት። አት ዘ ጌትስ በ1995 በስቱዲዮ ፍሬድማን የቀረጹት አራተኛ አልበም ከ35 ደቂቃ ያነሰ ነው፤ ባንዱ በዓመቱ ፈረሰ። ከ2000 በኋላ የገነኑት የአሜሪካ ሜታልኮር ባንዶች፣ ኪልስዊች ኢንጌጅ፣ አስ አይ ሌይ ዳይንግ፣ ዳርኬስት አወር፣ የተማሩት ከዚያ መንደር ነው። አንድ የአት ዘ ጌትስ ሪፍ ወስዳችሁ፣ በመሐሉ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሳችሁ፣ አዝማቹ ላይ ጩኸት የሌለበት ንጹሕ ዘፈን ብትጨምሩበት የዚያን ዘመን ሜታልኮር ታገኛላችሁ። ይህ ባንድ ከዝርዝራችሁ መቅረቱ ትልቁ ጉድለት ይመስለኛል።

እግረ መንገዴን ስለ ሌላ የስዊድን ድምፅ ላንሳ። የስቶክሆልሙ ኤንቱምድ በ1990 የመጀመሪያ አልበማቸውን በሰንላይት ስቱዲዮ ሲቀርጹ ቦስ ኤችኤም 2 የተባለውን ርካሽ ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያዛባ) ፔዳል አራቱንም ቁልፍ ጥግ ድረስ አዞሩት። ከሞተር መጋዝ ጋር የሚመሳሰለው ድምፅ ከዚያ ወጣ። ኔይልስና ጌትክሪፐርን የመሰሉ የአሜሪካ ባንዶች ይህንኑ ድምፅ እስከ ዛሬ ይዘውታል፤ ቦስም ማምረት ካቆመ ከ30 ዓመት በኋላ በ2021 ፔዳሉን እንደገና አወጣው። ገዝተው «አልሠራልኝም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ብዙ ዲስቶርሽን ባለው የአምፕ ቻናል ላይ ስለሚሰኩት ነው። ሁለት ዲስቶርሽን ሲደራረብ ጥርሱ ይጠፋል፤ አምፑ ንጹሕ ወይም በትንሹ የተሰነጠቀ ድምፅ ላይ መሆን አለበት።

ፈጣኑን ድራም በተመለከተ አጭር ልሁን። ድራመሩ ሚክ ሃሪስ በናፓልም ዴዝ የ1987 አልበም ላይ ያስፋፋው ብላስት ቢት ዛሬ ከዴዝ ሜታል እስከ ብላክ ሜታል አለ። ሲምባልና ባስ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) አብረው ይመታሉ፣ ስኔሩ (በእጅ የሚመታው ትንሹ ከበሮ) በመሐላቸው ይገባል። በደቂቃ በ200 ምት ሲጫወት በሰከንድ ከ13 በላይ ምት ነው፤ እያንዳንዱ እጅ ወደ 7 ይደርሰዋል። ክንዱን ያጠነከረ ድራመር መጀመሪያ የሚያጣው የስኔሩን ጉልበት ነው። ያንን ለመሸፈን እያንዳንዱን ምት በተቀዳ ናሙና መተካት ልማድ ሆኗል፤ ውጤቱ እንደ ጽሕፈት መኪና ያለ ድምፅ ነው። 

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ። ከ2010 ወዲህ ያለውን ሜታል በተመለከተ ከሁሉ በላይ የሚቀመጡት መሹጋ ናቸው፤ ከጎናቸውም ኮርን።

ከኮርን ልጀምር። ባለ ሰባት ክር ጊታር በ1990 በስቲቭ ቫይ ስም በኢባኔዝ ሲወጣ የተራቀቀ ሶሎ ለሚጫወቱ የታሰበ ነበር። የካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ ልጆች ኮርን በ1994 አልበማቸው ላይ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው ወደ ኤ አወረዱትና ሶሎውን ትተው ለሪፍ ብቻ አዋሉት። መሣሪያውን ለብዙኃን ያስተዋወቁት እነሱ ናቸው።

የስዊድን ኡሜኦ ልጆች መሹጋ ደግሞ ወደ ስምንት ክር ሄዱ። ለ2002 አልበማቸው የተሠሩላቸው የመጀመሪያ ባለ ስምንት ክር ጊታሮች ስላስቸገሩ ቀረጻው ዝቅ ተደርገው በተቃኙ ባለ ሰባት ክሮች ተካሄደ፤ በ2006 ጊታሮቹን እንደገና በስምንት ክር ቀርጸው አወጡት። የታችኛው ክር ኤፍ ነው፣ 43.7 ኸርዝ። የቤዝ ጊታር የታችኛው ኢ 41.2 ኸርዝ ነው። በጊታሩና በቤዙ መካከል የቀረው ግማሽ ድምፅ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ባለ ስምንት ክር ገዝቶ በስድስት ክር የለመደውን የዲስቶርሽን መጠን የሚጠቀም ሰው የሚያገኘው ጭቃ ነው። ከአምፑ በፊት ቲዩብ ስክሪመር ዓይነት ፔዳል ይግባ፤ ድራይቩ (ማዛቢያው) ዜሮ፣ ሌቨሉ (የድምፅ መጠኑ) ሙሉ፣ ቶኑ (ቃናው) መሐል። ፔዳሉ ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ስለሚያሳንስ አምፑ የሚያዛባው ጥርት ያለውን ክፍል ነው። በሚክስ ጊዜ ጊታሩ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ይቆረጥና ቦታው ለቤዙ ይለቀቅ። ኖይዝ ጌቱ (ደካማ ድምፅን የሚዘጋው መሣሪያ) በሪፉ መሐል ያለውን ዝምታ ንጹሕ ያደርገዋል፤ ገደቡ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ግን የረዘሙ ኖታዎችን ጭራ ይቆርጣል። ለባለ ስምንት ክሩ የተለመደ የታችኛ ኖታ፣ ለኤፍ ሻርፕ፣ 0.080 አካባቢ የሆነ ክርና 27 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የክር ርዝመት ከሌለ በ25.5 ኢንች ጊታር መታገል ከንቱ ድካም ነው።

የመሹጋ ምት ከድምፃቸውም በላይ ተወርሷል። ብዙ ሰው «አስቸጋሪ ቆጠራ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ምስጢሩ ግን ከመሠረቱ አራት መሆኑ ነው። እያንዳንዳቸው አራት ምት ያላቸውን አራት የሙዚቃ መስመሮች (ባር) ውሰዱ፤ በአሥራ ስድስተኛ ኖታ 64 ይሆናል። ጊታሩና የድራመሩ እግር 17 ኖታ ያለው ሪፍ ይደጋግሙ። ሦስት ጊዜ ሲሄድ 51 ይሞላል፤ ለአራተኛው የቀረው 13 ብቻ ስለሆነ ጭራው ይቆረጥና ሁሉም ከአንድ ይጀምራል። በዚህ መሐል የድራመሩ ቀኝ እጅ ሲምባሉን በእያንዳንዱ ምት ላይ ሳያዛንፍ ይመታል፣ ስኔሩም በየመስመሩ ሦስተኛ ምት ይወድቃል። ተማሪ የሚጠፋው 17ን ለመቁጠር ሲሞክር ነው። የሚቆጠረው ሲምባሉ ነው፤ ሪፉ በቃል ይያዛል። ሁለተኛው ስሕተት መቆረጡን መርሳት ነው፤ ሪፉ ሳይቆረጥ ከቀጠለ ባንዱ በአምስተኛው መስመር ላይ ይበታተናል።

«መሹጋን ስንት ሰው ያውቀዋል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፔሪፈሪን የመሠረተው ሚሻ ማንሱር በቤቱ የቀዳቸውን ሙከራዎች ኢንተርኔት ላይ ሲለጥፍ ጀንት የተባለው ስልት ተወለደ፤ ቴሴራክትና አኒማልስ አስ ሊደርስም በዚያው ጎርፍ መጡ። ዛሬ ትልልቅ አዳራሽ የሚሞሉት ስሊፕ ቶክንና ስፒሪትቦክስ የሚጠቀሙበት ዝቅ ያለ ቅኝትና የተቆራረጠ ሪፍ ከዚህ መስመር ነው። በዚህ ላይ ቱንትራክ «ድራምኪት ፍሮም ሄል» ብሎ የሸጠው የድራም ሶፍትዌር አለ፦ በውስጡ ያለው ድምፅ የመሹጋው ድራመር ቶማስ ሃከ የመታው ነው። መሹጋዎች ራሳቸው በ2005 አልበማቸው ላይ ድራሙን ያቀናበሩት በዚሁ ናሙና ነው። መሹጋን ሰምቶ የማያውቅ የመኝታ ቤት ፕሮዲውሰር እንኳ ዘፈኑን ሲያቀናብር የሃከን ስኔር ሲጠቀም ኖሯል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ